ቦሩ ሜዳ ቅርብ ነው

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለውን ተረት የማያውቅ ተማሪ በመካከላችን ይኖራል ብለን አንገምትም። በአማርኛ ድርሰት ፈተና ላይ ቢወጣ ሁላችንም ሁለት ገጽ ሞልተን የምንጽፍበት ተረት ነው። ይሁን እንጂ በገዛ ሰውነታችን ላይ እንድንሠራበት በተፈለገ ጊዜ፥ ይልቁንም በሽታው የታየው በጡት ላይ ሲሆን፥ የተማርነው ሁሉ ከአእምሯችን ይጠፋል። አያቶቻችን እንኳ ቢያንስ ጎረቤት ያማክሩ ነበር፤ እኛ ግን በአንድ ክፍል አብራን ለምታድር ጓደኛችን ሳንነግር ወራት እናሳልፋለን።

ዛሬ ልንነጋገርበት የፈለግነው ስለ አንዲት ትንሽ ነገር ነው። በጡት ቆዳ ላይ አንዲት እብጠት ትወጣለች። የሽንብራ ፍሬ ታክል ይሆናል። ሕመም የላትም፥ ወይም ጥቂት ታሳክካለች። አንድ ሳምንት፥ ሁለት ሳምንት፥ አንድ ወር ትቆያለች፤ አትጠፋም። ባለቤቲቱ ምን ታድርግ? የእኛ መልስ አጭር ነው፤ ለሐኪም ታሳይ። ጽሑፋችንን ያስረዘመው መልሱ አይደለም፤ ይህን ቀላል መልስ እንዳንፈጽም የሚያግደን ነገር መብዛቱ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ኀፍረቱ እንናገር። አማርኛችን «ጡት» ከሚለው ቃል ጋር ምንም ጠብ የለውም። ውለታ ቢሱን «ጡት ነካሽ» ብለን እንሰድበዋለን። ባዕዱን እንደ ልጁ አድርጎ የተቀበለ ሰው «የጡት አባት»፥ የተቀበለውም «የጡት ልጅ» ይባላል፤ ይህም ቃል ኪዳን ከሥጋ ዝምድና ሳያንስ ሲከበር የኖረ ነው። እናት በገበያ መካከል፥ በአውቶቡስ ውስጥ፥ በቤተ ክርስቲያን ደጅ ወይም በመስጊድ አጥር ሥር ተቀምጣ ልጇን ብታጠባ የሚነውራት የለም። እንግዲህ ቃሉም አካሉም በባህላችን እንዲህ የተከበሩ ሆነው ሳለ፥ ከሐኪም ፊት ሲደርሱ ብቻ ነውር የሚሆኑት ስለ ምንድን ነው?

እንደሚመስለን ኀፍረቱ የሚመጣው ከአካሉ ሳይሆን ከአስተያየቱ ነው። ከኋላዋ ሰው ተሰልፎ እየሰማ በመስኮት በኩል «ምንሽን ነው የሚያምሽ?» የተባለች ልጅ፥ «ራሴን» ብላ የራስ ምታት ክኒን ተቀብላ ብትመለስ የምትወቀሰው እርስዋ አይደለችም። በሩ በማይዘጋ ክፍል ውስጥ፥ መጋረጃ በሌለው አልጋ አጠገብ፥ ሰው እየገባና እየወጣ «ልብስሽን አውልቂ» የተባለችም እንደዚሁ ናት። ስለዚህ «ሴቶቻችን ዐይነ አፋር ናቸው» ብሎ ጉዳዩን መዝጋት ለእኛ አያጠግበንም። ኀፍረት በባሕርይ ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ በሥራ አደረጃጀት ጉድለትም ይፈጠራል፤ በሥራ አደረጃጀትም ይወገዳል።

ሁለተኛው የሚያግደን ነገር ፍርሃት ነው። በጡት ላይ የታየ እብጠት ሁሉ «ነቀርሳ» ይመስለናል። ይህንንም ቃል አንድ ጊዜ መመርመር ይጠቅማል። የሳንባ ቲቢን «የሳንባ ነቀርሳ» እንላለን፤ ካንሰርንም «ነቀርሳ» እንላለን። የመጀመሪያው ከባክቴሪያ የሚመጣ፥ መድኃኒት ካልተላመደ በቀር አብዛኛውን ጊዜ በ6 ወር ሕክምና የሚድን በሽታ ነው። ሁለተኛው የገዛ ሰውነታችን ሴሎች ከሥርዓት ወጥተው ሲራቡ የሚደርስ፥ ጨርሶ ሌላ በሽታ ነው። ሁለቱን በአንድ ስም መጥራታችን በሁለቱም ላይ አንድ ዐይነት ጨለማ እንድናይ አድርጎናል። ስሙን የፈራ ሰው ምርመራውንም ይፈራል።

እውነቱ ግን ሌላ ነው። በጡት ቆዳ ላይ የሚወጣ እብጠት አብዛኛውን ጊዜ ክፉ አይደለም። በጡት ጫፍ ዙሪያ ባለው ጠቆር ያለ ክብ ላይ የሚታዩት ጥቃቅን ጉብታዎች ከተፈጥሮ የተሰጡ የቅባት ዕጢዎች ናቸው፤ ሕመምም አይደሉም። የፀጉር ሥር ሲቆጣ ብጉንጅ ይወጣል። በቆዳ ሥር ከረጢት ተፈጥሮ ውስጡ ሲሞላ፥ ለዓመታት ሊቆይ የሚችል ድቡልቡል እብጠት ይሆናል። ከቆዳ በታች የሚበቅል ለስላሳ የስብ እብጠትም አለ። በጡት ሥርና በብብት እየተመላለሰ የሚወጣ፥ የሚመግልና ጠባሳ የሚተው የቆዳ በሽታ አለ፤ ብዙዎች የንጽሕና ጉድለት መስሏቸው ያፍሩበታል፥ እርሱ ግን ከንጽሕና ጉድለት የሚመጣ አይደለም። በተማሪ መኖሪያ ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው የሚዛመተው እከክ እንኳ በጡት ጫፍ አካባቢ የሚያሳክክ ጠጣር ፍሬ ሊያወጣ ይችላል። በእኛ ዕድሜ ባሉት፥ ማለትም ከ15 እስከ 35 ዓመት በሆናቸው ሴቶች ዘንድ ደግሞ፥ ከቆዳው ዝቅ ብሎ በጡቱ ሥጋ ውስጥ የሚገኝ፥ ሲነኩት እንደ ላስቲክ እየተንሸራተተ የሚሸሽ፥ ካንሰር ያልሆነ እጢ አዘውትሮ ይታያል።

ይሁን እንጂ አንድ ቀን እንኳ ሊታለፉ የማይገባቸው ምልክቶች አሉ። እብጠቱ እያደገ የሚሄድና ጠጣር ሆኖ አልንቀሳቀስ ያለ እንደ ሆነ፤ የጡቱ ቆዳ ወደ ውስጥ የተሰረጎደ ወይም እንደ ብርቱካን ልጣጭ የተበሳሳ መልክ የያዘ እንደ ሆነ፤ ቀድሞ ወደ ውጭ የነበረው የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ የገባ እንደ ሆነ፤ ሳይነኩት ፈሳሽ፥ ይልቁንም ደም ያለበት ፈሳሽ የወጣው እንደ ሆነ፤ በብብት ውስጥ እጢ የተዳሰሰ እንደ ሆነ፤ አልሽር ያለ ቁስል የታየ እንደ ሆነ መዘግየት አይገባም። ጡቱ ቀልቶ፥ ግሎና አብጦ ትኩሳት ካለበትም በዚያው ቀን መታየት ያሻል። ከእነዚህ አንዱም ሳይኖር ሁለት ሳምንት አልፎት ያልጠፋ እብጠት ደግሞ ሳይጣደፉ፥ ግን ሳይተዉት ለሐኪም መታየት አለበት። ይህን ሁሉ የዘረዘርነው እያንዳንዷ በመስታወት ፊት ቆማ በራሷ ላይ እንድትፈርድ አይደለም። መለየቱ የሐኪም ሥራ ነው፤ የእኛ ሥራ መሄድ ነው።

ወዴት እንሂድ? እዚህ ላይ ሦስተኛው ዕንቅፋት ይመጣል፤ እርሱም የቦሩ ሜዳ ስም ነው። በደሴና በኮምቦልቻ የምንማር ተማሪዎች ከሌሎች ጓደኞቻችን የተሻለ ዕድል አለን፤ የቆዳ ሕክምና የሚሰጥ፥ በዚሁም ሥራው የታወቀ ሆስፒታል በአጠገባችን አለ። ሌላው የቆዳ ሐኪም ለማግኘት ብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ እኛ ከደሴ በጥቂት ደቂቃ እንደርሳለን። ነገር ግን «ቦሩ ሜዳ ሄድሁ» ማለት የሚያሳፍረን ጥቂት አይደለንም። ስለ ምን? ሆስፒታሉን ሚሲዮናውያን ሲመሠርቱት ለሥጋ ደዌ ሕሙማን ስለ ነበረ፥ ስሙ ከዚያ በሽታ ጋር ተጣብቆ ቀርቷል።

ቦሩ ሜዳ በታሪክ መጻሕፍት የሚታወቀው በሌላ ነገር ነው። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የሃይማኖት ጉባኤ ያስጠሩበት፥ የያኔው የሸዋ ንጉሥ ምኒልክም የተገኙበት ስፍራ ነው። ጉባኤው በወሎ ሕዝብ ላይ ያስከተለውን ነገር ለታሪክ ክፍል ጓደኞቻችን እንተወው። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመን ከዚያ ወዲህ የመጣው ታሪክ ነው። ሥጋ ደዌ እርግማን ሳይሆን ከባክቴሪያ የሚመጣ በሽታ መሆኑን ኖርዌያዊው ሐኪም ሃንሰን የደረሰበት እ.ኤ.አ. በ1873 ዓ.ም. ነው፤ ይኸውም ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ አምስት ዓመት ያህል አስቀድሞ መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1981 ዓ.ም. ጀምሮ የዓለም የጤና ድርጅት ብዙ መድኃኒቶችን አጣምሮ መስጠትን መክሯል፤ በሽተኛውም እንደ በሽታው ዐይነት በ6 ወይም በ12 ወር ሕክምና ይድናል። ሕክምናውን ከጀመረ ከጥቂት ጊዜ በኋላ በሽታውን ወደ ሌላ ማስተላለፉን ያቆማል። በ1958 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተቋቋመው አለርት ለዚሁ በሽታ ሕክምናና ሥልጠና የቆመ ነበር፤ ዛሬ ግን ሰው ለልዩ ልዩ የቆዳ ሕመም ይሄድበታል።

ቦሩ ሜዳም እንደዚሁ ነው። የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ማከሙን ሳይተው ሌላውንም የቆዳ በሽታ ያያል። በደጋው አገራችን በገደልና በዋሻ አካባቢ የሚኖሩትን ሰዎች ፊት የሚያበላሸው ቁንጭር እንኳ እዚያ ይታከማል። ቁንጭር ከሽኮኮ ወደ ሰው በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው፤ ብዙ ጊዜ እንደ አንዲት ትንሽ እብጠት ሆኖ ይጀምራል፤ «ትጠፋለች» እየተባለች ስትተው ግን እየሰፋች ጠባሳ ትተዋለች። ከዚህ የምንማረው ትንሽ መሆንና ቀላል መሆን አንድ አለመሆናቸውን ነው። ደግሞስ ከሥጋ ደዌ ሕሙማን ጋር በአንድ ግቢ ውስጥ ወረፋ መጠበቅ ምን ያዋርዳል? ከዩኒቨርሲቲ ወጥተን ሕዝብ እናገለግላለን የምንል ሰዎች፥ ከሕዝቡ ጋር በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ መቀመጥ ካሳፈረን፥ አገልግሎታችን ከወዴት ሊጀምር ነው?

ሆስፒታሉን የሸሸ ሰው ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ወደ መድኃኒት መደብር ይሄዳል። «ለቆዳ የሚሆን ቅባት» ብሎ ይጠይቃል፤ ሳይመረመር ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታሶን ይዞ ይመለሳል። እነዚህ ቅባቶች በሐኪም ትእዛዝ በቦታቸው ሲውሉ ጥሩ መድኃኒቶች ናቸው። በዘፈቀደ ሲቀቡ ግን ቆዳን ያሳሳሉ፥ የፈንገስ በሽታን መልኩን ለውጠው ይሸፍናሉ፥ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጊዜ ያባክናሉ። እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓጄት እ.ኤ.አ. በ1874 ዓ.ም. የገለጸው አንድ የጡት ካንሰር ዐይነት አለ፤ በአንደኛው ጡት ጫፍ ላይ የሚያሳክክና የሚቀረፍ ቁስል ሆኖ ስለሚታይ ተራ የቆዳ ሕመም ይመስላል። ቅባት እየተቀባ ወራት የሚያልፉት በእንዲህ ያለው ላይ ነው። መግል የያዘውን በጥፍር መጭመቅና እብጠቱን በጋለ ብረት መተኮስም ከጥቅሙ ጉዳቱ ያመዝናል። ጸበል የሚጠመቀውን ወይም ዱዓ የሚያስደርገውን ወገናችንን ግን አንነቅፍም። ጸበሉም ዱዓውም ሐኪም እንዳናይ አልከለከሉንም፤ ሁለቱን ማጣላት የጀመርነው እኛው ነን።

ከሐኪም ዘንድ የሚደረገውን አለማወቅም ራሱ ያስፈራል። ነገሩ እንዲህ ነው። ሐኪሙ መቼ እንደ ወጣ፥ ከወር አበባ ጋር ይለዋወጥ እንደ ሆነ፥ በቤተሰብ ውስጥ የጡት ወይም የእንቁልፍሬ ካንሰር የነበረበት ሰው መኖሩን ይጠይቃል። ሁለቱንም ጡቶችና ሁለቱንም ብብቶች ይመለከታል፥ ይዳስሳል። እብጠቱ በቆዳው ላይ ብቻ ከሆነ የቆዳ ሐኪም ያየዋል፤ ከቆዳው በታች ከሆነ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል ይላካል። ለወጣት ሴት ብዙ ጊዜ የሚታዘዘው አልትራሳውንድ ነው፤ በራጅ የሚነሣው ማሞግራፊ ይልቁን ዕድሜያቸው ለገፋ ሴቶች ይጠቅማል። ጥርጣሬ ካለ በቀጭን መርፌ ጥቂት ናሙና ተወስዶ በማይክሮስኮፕ ይታያል። መርፌው ካንሰርን ይበትናል የሚባለውን ወሬ ፈርቶ ከዚህ ምርመራ መሸሽ አይገባም። ምርመራ የምትደረግ ሴት ጓደኛዋ ወይም አንዲት ነርስ አብራት እንድትሆን፥ ቢቻልም ሴት ባለሙያ እንድታያት መጠየቅ ትችላለች። ይህን መጠየቅ መብት እንጂ ድፍረት አይደለም።

መዘግየት ምን እንደሚያስከትል ደግሞ ቁጥሩ ይናገራል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚለው እ.ኤ.አ. በ2022 ዓ.ም. በዓለም ላይ 2.3 ሚሊዮን ሴቶች የጡት ካንሰር ተገኝቶባቸዋል፤ 670 ሺህ ሰዎች ሞተውበታል። በአገራችን በሴቶች ላይ ከሚታዩት የካንሰር ዐይነቶች የመጀመሪያው ይኸው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2020 ዓ.ም. ብቻ ከ16 ሺህ በላይ አዲስ ሕሙማን እንደ ነበሩ ተገምቷል። ከእነዚህም ብዙዎቹ ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት በታች ነው፤ አብዛኞቹም ወደ ሆስፒታል የሚደርሱት በሽታው ከተስፋፋ በኋላ ነው። ለብዙ ዓመታት በመላ አገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው ጥቁር አንበሳ ብቻ ስለ ነበረ፥ ከወሎ የተነሣች ሴት 400 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛ ወረፋ መጠበቅ ግድ ይሆንባት ነበር። በጊዜ የተገኘ ትንሽ እጢ በቀዶ ሕክምና ይወጣል፤ የዘገየው ግን ብዙ ገንዘብ፥ ብዙ ጉዞና ብዙ ሥቃይ ይጠይቃል። የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ዓ.ም. ባወጣው ዕቅድ፥ አንዲት ሴት ሕክምና ከጠየቀችበት ቀን ጀምሮ በ60 ቀን ውስጥ በሽታዋ ተለይቶ እንዲታወቅ ግብ አድርጓል። እኛ ግን 60ውን ቀን ከመጠየቃችን በፊት በዝምታ እንጨርሰዋለን።

ዝምታን የሰበሩ ሴቶች በሌላው ዓለም ምን እንዳደረጉ ማስታወስ ይገባል። እንግሊዛዊቷ ደራሲ ፋኒ በርኒ እ.ኤ.አ. በ1811 ዓ.ም. በፓሪስ፥ ማደንዘዣ ባልነበረበት ዘመን ጡቷ ተቆርጦ ወጣ፤ የሆነውንም ሁሉ ለእኅቷ በደብዳቤ ጽፋ ገለጸች፤ ከዚያም በኋላ 28 ዓመት ያህል ኖረች። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ባለቤት ቤቲ ፎርድ እ.ኤ.አ. በ1974 ዓ.ም. የጡት ቀዶ ሕክምና ማድረጓን ለሕዝብ በገለጸች ጊዜ፥ ብዙ አሜሪካውያን ሴቶች ለመመርመር ወደ ሐኪም ሄዱ። የመጀመሪያዋ የጻፈችው ለአንዲት እኅቷ ነው፤ ሁለተኛዪቱ የተናገረችው ለአገር ነው። ከእኛ የሚጠበቀው የመጀመሪያው ያህል ብቻ ነው፤ ለአንዲት እኅት መንገር።

ወንድሞቻችን ይህን ገጽ ዘለው እንዳያልፉ አንድ ቃል እንጨምር። ወንድም ጡት አለው። ከ100 የጡት ካንሰር ሕሙማን አንዱ ወይም ከዚያ ያነሰው ወንድ ነው። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ወንድ «ይህ የሴት በሽታ ነው» እያለ ስለሚዘገይ ለእርሱም አደገኛ ይሆናል። ከዚህም በቀር የእኅቶቻችንን ኀፍረት ከሚያጸኑት ነገሮች አንዱ የእኛ የወንዶቹ ሳቅና ቀልድ መሆኑን መካድ አይቻልም።

«ይህ የተማሪዎች ኅብረት ጉዳይ ነውን? የምግቡ፥ የመብራቱና የመጻሕፍቱ ነገር መች አለቀና?» የሚሉን ይኖራሉ። ምግብም መብራትም ለጤነኛ ተማሪ ነው። ሕመሟን ደብቃ ሌሊቱን ሙሉ ስታስብ የምታድር ተማሪ ቤተ መጻሕፍቱ እስከ ንጋት ቢከፈትላት ምን ታነብበታለች? «ሽብር ትነዛላችሁ፥ ሁሉም በብጉር ሁሉ ሆስፒታል ያጣብባል» የሚሉም አይጠፉም። ለእነዚህ የምንመልሰው፥ ሽብርን የሚወልደው አለማወቅ መሆኑን ነው። ምን መጠበቅ እንደሚችል፥ ምን ደግሞ እንደማይችል የተነገራት ሴት አትሸበርም። ከ10 ሴቶች ዘጠኙ «ምንም አይደለም፥ በሰላም ሂጂ» ተብለው ቢመለሱ ሐኪሙ ጊዜውን አላባከነም፤ የዘጠኙን ጭንቀት አውርዶ አሥረኛዋን አድኗል።

ስለዚህ ለኅብረታችን አራት ነገር እናሳስባለን። አንደኛ፥ በየግቢው ክሊኒክ የሕመሙ ዐይነት በመስኮት በጩኸት መጠየቁ ቀርቶ በወረቀት ተጽፎ እንዲሰጥ ወይም በዝግ ክፍል ብቻ እንዲነገር ከክሊኒኮቹ ኃላፊዎች ጋር ይነጋገር። ሁለተኛ፥ የሚዘጋ በርና መጋረጃ ያለው የመመርመሪያ ስፍራ እንዲኖር፥ በሳምንትም ቢያንስ አንድ የታወቀ ቀን ሴት ባለሙያ እንድትመደብ ይጠይቅ። ይህ ብዙ ገንዘብ የሚያስወጣ አይደለም፤ መጋረጃ ስንት ሜትር ጨርቅ ነው? ሦስተኛ፥ ወደ ቦሩ ሜዳ ወይም ወደ ደሴ ሆስፒታል የተላከች ተማሪ ብቻዋን እንዳትሄድ፥ በፈቃዳቸው አብረው የሚሄዱ እኅቶች ይደራጁ፤ ለመጓጓዣም ለሌላት ከኅብረቱ ገንዘብ ጥቂት ይመደብ። አራተኛ፥ በየመንፈቀ ዓመቱ ከቦሩ ሜዳ የቆዳ ሕክምና ባለሙያዎች ተጋብዘው ለወንዱም ለሴቱም በአንድ አዳራሽ ያስተምሩ። ጥያቄውም ስም ሳይጻፍበት በወረቀት ይቅረብ።

እስከዚያው ድረስ ግን ኅብረቱን መጠበቅ አያስፈልግም። በጡቷ ላይ ያላየችው ነገር የታየባት እኅታችን ዛሬውኑ ለምታምናት አንዲት ጓደኛ ትንገራት። የተነገራትም ጓደኛ «ተዪው፥ ይጠፋል» አትበላት፤ «ነገ አብሬሽ እሄዳለሁ» ትበላት። መኪናው ከደሴ ተነሥቶ ቦሩ ሜዳ ለመድረስ ብዙ ጊዜ አይወስድበትም። ረጅሙ መንገድ ከአልጋችን እስከ ክሊኒኩ በር ያለው ነው፤ እርሱንም ሁለት ሆነው ሲሄዱበት ያጥራል።